ከመቶ ስንት?
(ፊልምን በማርክ ለሚመዝኑ ወዳጆቼ)

ባለፈው የክበባችን ስብሰባ ላይ አንድ ወዳጄ ብድግ አለና ሐሳብ አቀረበ። ቅዳሜ ማታ የምናሳየውን ፊልም ከእንግዲህ በጭቅጭቅ አንምረጥ፤ የውጭ አገር ሐያስያን ከመቶ 75ና ከዚያ በላይ የሰጡት ይታይ፣ ከዚያ በታች ያለው ይቅር፤ በተለይ እነዚያ ሱፐር ሂሮ የምንላቸው፣ የሚበሩትና ግድግዳ የሚቧጥጡት ልዕለ ጀግኖች የሞሉባቸው ፊልሞች ያለ ማርክ ደጃችን አይድረሱ አለ። ግማሹ ቤት አጨበጨበ። ጭብጨባው የልብ ልብ ሰጠው መሰለኝ አንድ ነገር ጨመረ፦ «ለመጽሔታችን የሚመጡትን ግጥሞችና አጫጭር ልብ ወለዶችስ እንዲሁ በነጥብ ብናደርጋቸው? ከ10 ስንት ብሎ መገላገል ነው!» ያን ዕለት አፌን ዘግቼ ወጣሁ። ዛሬ ግን ዝም አልልም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ እስቲ መጀመሪያ ይኸ ማርክ የሚባለው ነገር ከየት እንደሚመጣ እንይ። (የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወዳጄ የሚምልበት ማርክ «ሮተን ቶሜቶስ» ከሚባለው የአሜሪካኖች ድርጅት የሚወጣው ነው። ትርጉሙ የበሰበሱ ቲማቲሞች ማለት ነው፤ ተመልካች ያስከፋውን ተዋናይ መድረክ ላይ በበሰበሰ ቲማቲም ይደበድብ ነበር ከሚባለው ወግ የመጣ ስም ነው። በ1998 ሴን ዱዎንግ የተባለ የጃኪ ቻን ፊልሞች አፍቃሪ ወጣት ካሊፎርኒያ ውስጥ መሠረተው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሐያስያን የጻፉትን ሒስ ይሰበስባል፤ እያንዳንዱን ሒስ «ወዶታል» ወይም «አልወደደውም» ብሎ ከሁለት ከረጢቶች በአንዱ ይከታል፤ ከዚያ ከመቶው ስንቱ እንደወደደ ይቆጥራል። ቁጥሩ 60ና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ ቲማቲም፣ ከ60 በታች ከሆነ የተፈረጠ አረንጓዴ ቲማቲም። አለቀ።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሒሳብ ይፈራል የሚለውንም ሐሜት በዚሁ እንሻር። እንበልና 100 ሐያስያን አንድ ፊልም አዩ። መቶዎቹም «ክፉ አይደለም፣ ጊዜ ያሳልፋል» ብለው እያንዳንዳቸው ከ10 6 ሰጡት። የጠላው የለምና ማርኩ ከመቶ መቶ! ሌላ ፊልም ደግሞ እንውሰድ። 60ዎቹ «እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም» ብለው 10 ከ10 ሰጡት፤ 40ዎቹ ተበሳጭተው 4 ሰጡት። የዚህኛው ማርክ 60 ነው። አማካዩን ብናወጣ ግን የመጀመሪያው 6፣ የሁለተኛው 7.6 ይሆናል። ለብ ያለው ፊልም መቶ ደፈነ፤ ሰውን ያስጨበጨበውና ያጣላው ፊልም ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ። በወዳጄ ሕግ ከሄድን ቅዳሜ ማታ የምንመለከተው ለብ ያለውን ነው ማለት ነው!

ይኸ ማርክ እንግዲህ የሚለካው ሐያስያን ምን ያህል እንደተስማሙ ነው። ስምምነትና ጥራት አንዳንድ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መንገድ ላይ ይለያያሉ። ሜታክሪቲክ የሚባለው ሌላው ድርጅት አማካይ በማውጣቱ የተሻለ ይመስላል፤ ግን እሱም ለየትኛው ሐያሲ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ለሕዝብ አይናገርም። ድንጋዩ በማይታይ ሚዛን ቡና የሚገዛ ነጋዴ አለ?

ምሳሌ አምጣ የሚለኝ አይጠፋም። የ2019ን «ጆከር» እንውሰድ። የባትማን ጠላት ታሪክ ነው። በዚያው ዓመት የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ ሰጠው። ለ11 ኦስካር ታጭቶ ሁለት ወሰደ፤ አንዱን ዋኪን ፊኒክስ በትወና፣ ሌላውን ሒልዱር ጉድናዶቲር በሙዚቃ። የቲማቲሙ ማርክ ስንት ነው ቢሉ 70 እንኳ አልሞላም። ለምን? ሐያስያኑ ስለተጣሉበት ነዋ! አንዱ የብቸኛ ሰው ሰቆቃ አየበት፤ ሌላው ዐመፅን ማቆለማመጥ አየበት። እኔም ብሆን ፊልሙ ከማርቲን ስኮርሴዚ የቆዩ ሥራዎች ብዙ መበደሩ አይዋጥልኝም። ነገር ግን ሰውን የሚያከራክር ፊልም ለክርክር በተቋቋመ ክበብ ካልታየ የት ሊታይ ነው?

ከፍ ያለውን ማርክ ደግሞ እንየው። የ2018ቱ «ብላክ ፓንተር» 96 አለው። ለምርጥ ፊልም ኦስካር የታጨ የመጀመሪያው የሱፐር ሂሮ ፊልም ነው፤ ሦስት ኦስካርም ወስዷል። ወድጄዋለሁ፤ ዶርም ውስጥ ሦስቴ አይቼዋለሁ። ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት አገር በሕልም ስትሣል ማየት ለእኛ ልጆች የሚለው ነገር አለው። ግን በዋካንዳ ሸንጎ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ አሉ፤ ከንፈራቸው ላይ ትልቅ ሸክላ አለ። በእኛ አገር በሙርሲዎችና በሱርማዎች ዘንድ የከንፈር ሸክላ የሴት ነው። ፊልሙ ከአሥር ሕዝብ አሥር ነገር ሰብስቦ፣ ለማን ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ አዋህዶታል። ይኸ የፈጠራ ነፃነት ነው ወይስ አፍሪካን እንደ አንድ መንደር መቁጠር? እኔ ሁለቱንም ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቻለሁ። 96 የሚለው ቁጥር ስለዚህ ጥያቄ አንድ ቃል አይነግረኝም። በዚያው በ2018 የአሜሪካው አነንበርግ ተቋም ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በ2017 ገበያውን ስለመሩት 100 ፊልሞች በዚሁ ድርጅት ከተሰበሰቡት ሒሶች ውስጥ ከአራቱ ከሦስት በላይ የሚሆኑት በወንዶች፣ ከአምስቱ ከአራት በላይ የሚሆኑት በነጮች የተጻፉ ናቸው። ድርጅቱም ራሱ በዚያ ዓመት የሐያስያን መቀበያ ደንቡን አሻሽሏል። ሰዎቹ ክፉ ናቸው አላልኩም። ግን የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና፣ የከንፈሩን ሸክላ ጉዳይ ከእነሱ ይልቅ እኛ ልናነሳው ይገባል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጎራ ልዙር፤ በማርኩ የሚናደዱት አፍቃሪዎች ከእኔ ጋር የቆሙ እንዳይመስላቸው። እነሱ የሚያመጡት ማስረጃ ገንዘብ ነው። የ2018ቱ «ቬነም» 30 ገደማ ማርክ ይዞ ከ850 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ታዲያ ሐያስያኑ ምን ያውቃሉ? ይላሉ። ኧረ ወንድሜ፣ የቲኬት ሣጥን የሚነግረን ስንት ሰው እንደገባ ነው፤ ሰዉ ምን ይዞ እንደወጣ አይነግረንም። በ2016 «ሱሳይድ ስኳድ» ዝቅተኛ ማርክ ሲያገኝ ድርጅቱ ይዘጋ ብለው ፊርማ ያሰባሰቡ ነበሩ። ፊልሙ በማግስቱ ዓመት በሜካፕ ኦስካር ወሰደ፤ ያም ሆኖ ታሪኩ የተበጣጠሰ መሆኑን ሜካፑ አልሸፈነውም። በ2019 ደግሞ «ካፕቴን ማርቭል» ገና ሳይታይ የጥላቻ አስተያየት ስለዘነበበት፣ ድርጅቱ ፊልም ከመውጣቱ በፊት አስተያየት መስጠትን ዘጋ። ሳያዩ መፍረድ የሐያስያን ብቻ በሽታ አይደለም።

ቁጥር ሲነግሥ ደግሞ ቁጥሩን ለማብሰል የሚሞክር ይመጣል። በ2023 ቫልቸር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት፣ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ለአንድ አነስተኛ ፊልም ሒስ ለሚጽፉ አንዳንድ ሐያስያን 50 ዶላርና ከዚያ በላይ ይከፍል እንደነበረ ዘግቧል። ያ ፊልም የሱፐር ሂሮ አልነበረም፤ ስለዚህ የማርቭል ወይም የዲሲ ማርክ ሁሉ ተገዝቷል ብሎ መደምደም ነውር ነው። የምለው ይኸን ብቻ ነው፦ ሒስን ማጣመም ይከብዳል፣ ምክንያቱ ፊት ለፊት ተጽፏልና ይታያል፤ ቁጥርን ማጣመም ግን ይቀላል።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል ማርኩ የሚጠቅምበትንም ልናገር። የ2008ቱ «ዘ ዳርክ ናይት» 94 አለው፤ ሐያሲውም ተመልካቹም ተስማማበት። ሁሉም በአንድ ድምፅ የጣለውን ፊልም ስታዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዚህም በላይ ከቁጥሩ ጀርባ የሐያስያኑ ጽሑፍ አለ። ያን ጽሑፍ ከፍቶ ለሚያነብ ማርኩ ጥሩ መንገድ ጠቋሚ ነው። ጥያቄዬ ስንቶቻችን ከፍተን እናነባለን? ነው።

እዚህ ላይ ግለ ሒስ ላድርግ። በ2021 የወጣው «ኢተርናልስ» 47 ማርክ ነበረው። በዚያው ዓመት ኦስካር የወሰደችው የክሎዊ ዣው ሥራ ነው። እኔ ቁጥሩን አይቼ ጣልኩት። የዶርም ጓደኛዬ ደጋግሞ ሲያየው እየሳቅሁበት፣ «ቆሻሻ ነው» እያልኩ ሁለት ዓመት ያህል ፈረድኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸ ነው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ የእሱ ላፕቶፕ ብቻ ባትሪ ነበረውና አብሬው ቁጭ አልኩ። ፊልሙ ረዥም ነው፤ ሰው በዝቶበታል፤ ብዙ ቦታ ያንቀላፋል። ግን አንድ ቦታ ላይ፣ ለሰው ልጅ ጥበብን ሲያስተምር የኖረው ፋስቶስ በሂሮሺማ ፍርስራሽ መካከል ተንበርክኮ ሲያለቅስ ተነቅንቄ ቀረሁ። ዕውቀት ሰጥቶ ያን ማየት! ስለዚያ ትዕይንት ከጓደኛዬ ጋር እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተከራከርን። እሱ «የሞቱትን ትቶ አስተማሪውን ያስለቅሳል» አለ፤ እኔ ደግሞ ተሟገትኩለት። ፊልሙን በአጠቃላይ እንደገና ብጠየቅ ደካማ ነው እላለሁ፤ 47ቱ ምናልባት ከእውነት የራቀ ላይሆን ይችላል። ግን ያ ፍርድ አሁን የእኔ ነው፤ ለምን ደካማ እንደሆነ፣ የትስ ላይ እንደበረታ መናገር እችላለሁ። በፊት የነበረኝ የሰው ቁጥር ነበር።

ይኸ ነገር ከፊልም አልፎ የሚያስጨንቀኝ ለዚህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ጽሑፍ ተመልሶ ሲመጣልኝ ጥጉ ላይ በቀይ «ሲ ፕላስ» ተጽፎበት ነበር። ሌላ ምንም የለም። የትኛው አንቀጽ ደከመ? የትኛው ሐሳብ ሳተ? እስከ ዛሬ አላውቅም። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ሁላችንም ቀምሰነዋል። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር መምህሩ ቤቱ እንደጎደለ፣ ሰሙና ወርቁ እንዳልገጠመ ነግረው ያርሙታል፤ ሲያምር ደግሞ «ይበል!» ይባላል። «ከመቶ ይኸን ያህል» ሲባል አልሰማሁም። ታዲያ እኛ ያማረርንበትን ቀይ እስክሪብቶ አንስተን፣ የመጀመሪያ ግጥሙን ፈርቶ ተባ ብሎ ያመጣ የአንደኛ ዓመት ልጅ ላይ «4 ከ10» ብለን ልንጽፍ ነው? ስቴንስል ቆርጠን፣ እጃችን ቀለም በቀለም ሆኖ ይችን መጽሔት የምናባዛው ለዚህ ነው?

መቃወም ብቻ አይበቃምና የራሴን ሐሳብ ላቅርብ። በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች «ብላክ ፓንተር»ንና «ኢተርናልስ»ን፣ አንዱን ከፍ ያለ ማርክ፣ አንዱን ዝቅ ያለ ማርክ ያላቸውን ተከታትለን እንይ። ማርካቸውን የሚጠራ ሰው የሻይ ይክፈል። ከዚያ ሦስት አባላት ግማሽ ግማሽ ገጽ ይጻፉ፤ ምን እንደወደዱ፣ ምን እንዳልወደዱ፣ ለምን እንደሆነ። በሚቀጥለው እትም እናውጣው። ለግጥሞቹም እንዲሁ፤ የማናወጣውን ግጥም እንኳ ሁለት መስመር ምክንያት ጽፈን ለባለቤቱ እንመልስ።

አንተም ወዳጄ፣ በዚህ ጽሑፍ እንዳትቀየመኝ። ቅዳሜ ቦታ እይዝልሃለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ግን «ስንት ሰጠኸው?» ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ «የቱ ጋ ደረስህ?» በለኝና እስከ ዶርም በር ድረስ እየተከራከርን እንሄዳለን።