እሳት አመድ እንዳይወልድ

ከሰል ሲነድ እንጂ ሲከስል ያየ ከተሜ ጥቂት ነው። ቀን በመሥሪያ ቤቱ ስለ ደን ጥበቃ ሲናገር ውሎ፥ ማታ ቡናው የሚፈላበት ከሰል ስንት እንጨት እንደ ፈጀ የማይጠይቅ ግን ብዙ ነው። እኛም ከነዚሁ ወገን ነንና ነቀፌታው ከራሳችን ይጀምር።

ከሰል አክሳይ እንጨቱን ቆርጦ ይከምራል፤ ክምሩን በቅጠልና በሣር ሸፍኖ በአፈር ይደፍነዋል። እሳቱ ከተለኰሰ በኋላ የሚገባው አየር እጅግ ጥቂት መሆን አለበት። አስቀድሞ የእንጨቱ ውሃ ነጭ ወፍራም ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱ ወደ 280 ዲግሪ ሲደርስ እንጨቱ በገዛ ሙቀቱ ወደ ከሰልነት መለወጥ ይጀምራል። ጭሱ ሳስቶ ሰማያዊ ሲመስል ከሰሉ ደርሷልና ቀዳዳው ሁሉ ይዘጋል። ያን ጊዜ አፈሩ ተሰንጥቆ አየር ቢገባ፥ «እሳት አመድ ወለደ» የተባለው ተረት በእውነት ይፈጸማል።

በዚህ ዓይነት ክምር ከ100 ኪሎ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል የሁለት ኪሎ እንጨት ያህል ሙቀት ቢሰጥም፥ ከእንጨቱ ኃይል ሦስት አራተኛው ያህል በከንቱ ጠፍቷል ማለት ነው። እንጨቱ በደንብ ቢደርቅ፥ ተጠጋግቶ ቢደረደርና ለክምሩ የጭስ ማውጫ ቢበጅለት ግን፥ በሴኔጋል በካዛማንስ አገር ስም በሚጠራው ክምር እንደ ታየው፥ ምርቱ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

ይህ ሒሳብ ለጊንጪ ሰው ተራ ነገር አይደለም። በአጠገቡ ያለው የጭሊሞ ደን ጥድ፥ ወይራና ዝግባ የሚበቅልበት ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ የወጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ደን ነበር። ደኑ ለባለ ሀብት ይሰጣል ሲባል ዝም ያላለ ወጣት፥ በጆንያ ተጭኖ ቢያልቅም ዝም ሊል አይገባውም።

«እንግዲያው ከሰል ይከልከል» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን ድሀውን አክሳይ በሌሊት እንዲሠራ ያደርገዋል፤ በችኰላና በእርጥብ እንጨት የሚሠራ ደግሞ ይበልጥ ያባክናል። መድኃኒቱ ተክሎ መቁረጥ ነው። ከጊንጪ በስተ ምሥራቅ በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው አዲስ ዓለም ለዚህ ምስክር ናት፤ አዲስ አበባ ማገዶ ባጠራት ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደዚያች ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ከተማይቱን በስፍራዋ ያቆማት የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። በዘመናችንም በአዊ የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳቸው ተክለው፥ ከ4 እስከ 5 ዓመት ሲሞላው አክስለው ሲሸጡ፥ መልሰውም ሲተክሉ ታይተዋል።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ወላጆችህ የምትመለስ ተማሪ፥ ለሥራ ወደ ወረዳ የምትላክ ወጣት ሠራተኛ ሆይ፥ አክሳዩን ከመክሰስህ በፊት ክምሩን ሄደህ እይ። እንጨቱ ደርቋል ወይ? የተቆረጠውስ ከተከላ ነው ወይስ ከደን? የምታውቀውን አስተምረው፤ እርሱ ከጭሱ መልክ የሚያውቀውንም ተማር። ተምረህ ለዚህ ካልጠቀምህ ግን፥ «እሳት አመድ ወለደ» የሚባለው ስለ ከሰሉ ብቻ አይሆንም።