«ጃጅታለች» የሕመም ስም አይደለም!

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሽን ወይም ስለ ሪሴትልመንት አይደለም። ካኩማም፣ ናይሮቢም፣ ካምፓላም በየቤታችን ጥግ ተቀምጠው ስለተረሱት እናቶቻችንና አባቶቻችን ነው።

ሰው ስም ሲጠፋበት፣ የቤቱን መንገድ ሲስት ክሊኒክ እንወስዳለን። «እርጅና ነው፣ ውሰዷቸው» እንባላለን። እኛም አሜን ብለን «ጃጅተዋል» እንላለን። ዲሜንሺያ ወይም የመርሳት ሕመም የአንጎል በሽታ እንጂ የዕድሜ ዕጣ አይደለም! የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ ኢንፌክሽን፣ አንዳንድ መድኃኒትም ሰውን ያዘነጋል፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ሳይመረምሩ መመለስ በሕክምና ሊሻለው የሚችለውን ሰው መጣል ነው። አልዛይመር ከሆነ የሚያድን መድኃኒት ገና የለም፤ ያን ጊዜ ትልቁ ሕክምና አያያዝ ነው።

ለማስተርጎም በገባሁበት አንድ ክሊኒክ አንዲት እናት «ዓመቱ ስንት ነው?» ተባሉ። «2017» አሉ። ኮምፒውተሩ 2025 ስለሚል ስህተት ተብሎ ተመዘገበባቸው። አቆጣጠራችን ይለያል ብዬ ባስረዳም ወረቀቱ አልተቀየረም። እኔ ሃይስኩል አስተምራለሁ፤ ተማሪን ባልተማረው ቋንቋ ፈትኖ «አያውቅም» ማለት ግፍ ነው። ፊደል ላልቆጠሩ እናት «ዓረፍተ ነገር ይጻፉ» ማለትም ያው ነው።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ቶም ኪትውድ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ የተከራከረው ለዚህ ነው፤ ከበሽታው በፊት ሰውየው ይታይ። ታማሚን እንደ ሕፃን ማናገር፣ አጠገቡ ቆሞ እንደሌለ ስለ እሱ ማውራት ራሱ ይጎዳል።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኤንኤችሲአር እ.ኤ.አ. በ2015 ለአደጋ ጊዜ ያወጡት የአእምሮ ጤና መመሪያ ለድብርት፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለሱስ ምዕራፍ አለው። ለዲሜንሺያ ግን የለውም። ስደተኛ አያረጅም ያለው ማነው?

የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። አስተርጓሚው አዋቂ ይሁን፣ የልጅ ልጅ አይሁን። ፋይሉ ላይ አንድ ገጽ ይጨመር፦ ማን ተብለው መጠራት ይወዳሉ? ሥራቸው ምን ነበር? ምን ያስፈራቸዋል? ከእስር ያመለጠ ሰው ዩኒፎርም አይቶ ቢጮህ «አስቸጋሪ» ተብሎ አይታለፍ። አስታማሚዋም «አንቺስ እንቅልፍ ታገኛለሽ?» ትባል።

እኛም ብንሆን በር ቆልፈን እናት አንደብቅ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ምርመራው ግን አይቅር። መቼ እንደጀመራቸው፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ጽፋችሁ ሂዱ፤ «ደማቸው ይመርመር» በሉ። ከመለሷችሁ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፤ በማግስቱ አብረን እንሄዳለን።

ሼር አድርጉት፤ አስታማሚ ያለበት ቤት ይድረስ።