ጥናቱ ከአይጡ አልፎ ሰበታ ይድረስ

በፋርማኮሎጂ ለማስተርስ ማሟያ የሚቀርቡ ጥናቶቻችንን ርእስ በተከታታይ ያነበበ ሰው አንድ ተደጋጋሚ አካሄድ ያያል። አንድ አገር በቀል ዕፅ ይመረጣል፤ ቅጠሉ ወይም ሥሩ በጥላ ደርቆ ይፈጫል፤ በ80 በመቶ ሜታኖል ተዘፍዝፎ ይጣራል፤ የተገኘው ለነጭ አይጥ ይሰጣል፤ የአይጡ የደም ስኳር፣ ተቅማጥ ወይም የወባ ተሕዋስ መቀነሱ ይለካል፤ በመጨረሻም ተስፋ ሰጪ መሆኑና ተጨማሪ ጥናት እንደሚያሻው ተገልጾ ይዘጋል። ተጨማሪው ጥናት ግን ብዙ ጊዜ አይመጣም። ቀጣዩ ተማሪ ሌላ ዕፅ መርጦ ከሀ ይጀምራል። የእነዚህ ወጣቶች ድካም እውነተኛ ነው። ድካማቸው የሚገባውን ፍሬ እንዲያፈራ ግን የጥናቱ መነሻ መለወጥ አለበት እላለሁ፤ መነሻው የእኛው ሰው አካልና ያ ሰው በየዕለቱ የሚውጠው መድኃኒት ይሁን። ሰውየው ሩቅ አይደለም። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታክሲ በሚደረስበት ርቀት ይኖራል።

እንዲህ ያለ ጥናት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለማየት የኮዴይንን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ኮዴይን ለሕመም ማስታገሻና ለሳል ሲሰጥ የኖረ መድኃኒት ነው። በራሱ ብዙ ኃይል የለውም፤ ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኤንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1996 በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሚታወቁት ኢትዮጵያዊቷ ፋርማኮሎጂስት እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው፣ 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ኤንዛይም ዘረ መል ከተለመደው በላይ ተደራርቦ እንዳላቸው አሳዩ። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ኮዴይን ሲወስድ ሰውነቱ በአጭር ጊዜ ብዙ ሞርፊን ያመርታል፤ ሕፃን ከሆነ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ሕፃናትና ኮዴይን ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ይህንኑ 29 በመቶ «ኢትዮጵያዊ» በሚል ረድፍ አስፍሮታል። የእኛው ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች አገደ። አገር በቀል ጥያቄ ብሔራዊ ውሳኔ ሲወልድ ከዚህ የጠራ ምሳሌ አላውቅም።

ጉዳዩ ግን እዚያ አላበቃም፤ የኔ ቁጭትም ከዚህ ይጀምራል። ትራማዶል በዚያው ኤንዛይም በኩል ነው ኃይሉን የሚያገኘው፤ በየፋርማሲው አለ። ለደም ግፊትና ለልብ የሚታዘዘው ሜቶፕሮሎል ደግሞ በዚያው ኤንዛይም ይሰባበራል፤ ኤንዛይሙ የበዛበት ሰው የታዘዘለትን መጠን እየወሰደ ግፊቱ አልወርድ ሊል ይችላል። በሰበታ ጤና ጣቢያ ግፊቱ ያልተስተካከለ ታካሚ «መድኃኒቱን በአግባቡ አልወሰድክም» ተብሎ ሲወቀስ፣ ጥፋቱ የሰውየው ነው ወይስ የመጠኑ? ይህን የሚመልስ ጥናት ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የሚበዛ ሥራ አይደለም።

ዘረ መል ብቻውን ሁሉን አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የእነ እሌኒ ሌላ ሥራ በኢትዮጵያ የሚኖሩትንና በስዊድን የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን አነጻጽሮ፣ ዘረ መላቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ የኤንዛይሙ ሥራ እንደሚለያይ አገኘ፤ ምግብ ወይም አካባቢ እጁ እንዳለበት የሚያመለክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፋርማኮሎጂስቶች የተሳተፉበት ጥናት ጫት ይህንኑ ኤንዛይም እንደሚገታ በሰዎች ላይ አሳየ። ዕፅ ማጥናት የሚወድ ክፍል እዚህ ጋ ሰፊ መስክ አለው። ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ ፌጦ ከሐኪም መድኃኒት ጋር አብረው ሲወሰዱ ምን ይሆናል? ታካሚው ሁለቱንም በአንድ ቀን ይወስዳል፤ ሐኪሙ አይጠይቅም፤ ታካሚውም አይናገርም።

ወደ ፊዚዮሎጂው ስንመጣ ሱሉልታን የሚያህል የተፈጥሮ ቤተ ሙከራ ማግኘት ይቸግራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። የኃይሌ ገብረሥላሴ ያያ መንደርና የቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም እዚያ የተሠሩት፣ የውጭ ሯጮችም እዚያ መጥተው የሚከርሙት ለአየሩ ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል የተመራ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ገበሬዎችን ለክቶ ዓለምን አስደነቀ፤ የደማቸው ሂሞግሎቢንም የኦክስጅን መጠናቸውም በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም አልተለየም። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ግን ሂሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። በኋላ በባሌ ከፍታ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከሰሜኑ የተለየ፣ ከፍ ያለ መጠን አገኘ። ይህ ልዩነት ነፍሰ ጡር እናትን በቀጥታ ይነካል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2011 መመሪያ በ2,500 ሜትር ለሚኖር ሰው ከተለካው ሂሞግሎቢን በዴሲሊትር 1.3 ግራም እንዲቀነስ ያዝዝ ነበር፤ ማስተካከያው ከፍታ የሁሉንም ደም እኩል ያበዛል ብሎ የተነሣ ነበር። ለሱሉልታ ሴት እንዲህ ያለው ማስተካከያ ካልተስማማት ደም ማነስ የሌለባትን አለባት እንላለን፤ ሳናስተካክል ብንተወው ደግሞ ያለባትን ልናልፋት እንችላለን። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሚያስፈልገው ደም በእርግዝና ክትትል ጊዜ አስቀድሞ የሚቀዳ ነው።

ሰበታ ሌላ ጥያቄ ታቀርባለች። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ የወተት ከብቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ወደ 3,000 ከሚጠጉ ከብቶች 30 በመቶ የሚሆኑት በከብት ቲቢ ምርመራ መያዛቸውን አሳይቷል። የከብቱን ቲቢ የሚያመጣው ባክቴሪያ ደግሞ ከመጀመሪያ ረድፍ የቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ፓይራዚናማይድን በተፈጥሮው ይቋቋማል። ጥሬ ወተት ጠጥቶ የታመመ ሰው የተለመደው ሕክምና ሲሰጠው ከመድኃኒቶቹ አንዱ ለእርሱ ከንቱ ነው ማለት ነው። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እዚያው ሰበታ ውስጥ ይገኛል። የሕክምና ፋርማኮሎጂ ተማሪ እና የእንስሳት ሐኪም አንድ ጥናት ላይ አብረው እንዲሠሩ የጎደለው ከሁለት ተቋማት የሚመጣ ስምምነት ብቻ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው፤ አይጥና ሜታኖል ርካሽ ናቸው፣ የዘረ መል ምርመራ ውድ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ከላይ ካነሣኋቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ግን የሚፈልጉት የግፊት መለኪያ፣ የሕክምና መዝገብና በጥንቃቄ የተዘጋጀ መጠይቅ ነው። ውዱ ክፍል ሲመጣ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትን የመሳሰሉ ተቋማት በከተማው አሉ። ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ሁለት ዓመት ለሰው ጥናት አይበቃም፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱም ይጓተታል። መልሱ ጥናቶቹን ማያያዝ ነው። የዘንድሮው ተማሪ ታካሚዎችን ይመዝግብ፤ የሚቀጥለው የመድኃኒት መጠናቸውን ይለካ፤ ሦስተኛው ውጤታቸውን ይከታተል። ፈቃዱም አንድ ጊዜ ለሙሉው ሥራ ይጠየቃል። አሁን ያለው አሠራር እያንዳንዱን ተማሪ ብቻውን ጀማሪ ያደርገዋል።

ሦስተኛውና ይበልጥ የምከብረው ተቃውሞ የባህል ሕክምናችን ሀብት ነው፣ ዕፅ ማጥናት ይቅር ማለት ቅርስ መተው ነው የሚለው ነው። ዕፅ ይቅር አላልኩም። የእንዶድን ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ለመግደል የሚውል ነገር ከዚያ ተነሣ። ጥያቄው የመጣው ከሰዎች ኑሮ ነበር፤ ከዚያም ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስን ጨምሮ ሌሎች ተቀብለው ለዓመታት ገፉበት፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። አንድ ዕፅ በብዙ ሰው እጅ፣ ለረጅም ዓመት ሲያዝ እንዲህ ይሆናል። በየዓመቱ አዲስ ዕፅ አንሥቶ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ መተው ቅርሱን አያከብረውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ያነሣኋቸው ጥናቶች ብዙዎቹ በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የተመሩ ወይም በውጭ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ቅሬታ የሚያሰሙ መምህራን አሉ፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው። ጥያቄውን እኛ ካልጠየቅነው ግን ሌላው ይጠይቀዋል፤ ናሙናውም ከእርሱ ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ የፋርማኮሎጂና የፊዚዮሎጂ ትምህርት ክፍሎችን የምጠይቀው ይህን ነው፦ በሚቀጥለው ዓመት የተማሪዎችን ፕሮፖዛል ለማጽደቅ ስትሰበሰቡ የሸገር ከተማ ጤና ባለሙያዎችን ጥሩ፤ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጤና ጣቢያዎች የትኛው መድኃኒት እንዳልሠራላቸው፣ የትኛው እንዳስቸገራቸው ጠይቁ። ከዚያ ዝርዝር አንድ ጥያቄ ምረጡና ለሦስት ተከታታይ ተማሪዎች ስጡ።