አልጋ አንጣፊዋ እንግዳ ስትሆን

ባለፈው ወር ከአንድ የክፍላችን ሃምሳ አለቃ እናት ለዚህ ዓምድ የተላከ ደብዳቤ ደርሶናል። እኚህ እናት ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ደብዳቤውን የጻፈላቸው የጎረቤት ተማሪ ነው። አቤቱታቸውም ልጃቸው ባገባ ጊዜ ከደመወዙ ቆጥቦ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ፣ ከሙሽራይቱ ጋር በጎንደር ከተማ በጎሐ ሆቴል ሁለት ሌሊት አድሮበታል የሚል ነው። ነገሩ የሆነው በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. ቢሆንም እስከ ዛሬ ከሆዳቸው አልወጣም። «በዚያ ገንዘብ የሚያፈሰውን ጣሪያዬን ባስለወጠበት ነበር፤ እንዲህ ያለው የቅምጥል ኑሮ ለወታደር ይገባልን?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ዕድሜያችን ለሽምግልና ባይደርስም፣ ጥያቄውን በዝምታ ማለፍ ስላልወደድን ሃምሳ አለቃውንና ባለቤቱን ጠርተን አነጋገርናቸው። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው ሁለቱም ፈቅደው የነገሩንን ነው።

ባለቤቱ በካርቱም ስምንት ዓመት ያህል ኖራለች። መኖሪያዋ ከጥቁር ዓባይ ማዶ፣ በምሥራቅ በኩል በሚገኘው በሐጅ ዩሱፍ ነበር። ሐጅ ዩሱፍ ከሱዳን ደቡብና ምዕራብ ጦርነትና ድርቅ ያፈናቀላቸው ሰዎች ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፈሩበት የሰፋ፣ የጭቃ ጡብ ቤቶች የበዙበት ሰፊ መንደር ነው። እርስዋም ከአራት ያገሯ ልጆች ጋር ሱቅ ሲታ ከሚባለው ገበያ አቅራቢያ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። የበጋው ሙቀት ቤት ውስጥ ስለማያስተኛ፣ ሌሊቱን ግቢው ውስጥ በገመድ በተጠላለፈ የእንጨት አልጋ ላይ ያሳልፉታል። ሱዳኖች ይህን አልጋ አንገረብ ይሉታል።

ጧት ጧት በአውቶቡስ ተሳፍራ፣ ድልድዩን ተሻግራ ካርቱም ትገባለች። ሥራዋ በወንዙ ዳር በሚገኝ አንድ ትልቅ ሆቴል ክፍል ማጽዳትና አልጋ ማንጠፍ ነበር። አንሶላው እንደ ከበሮ ቆዳ መወጠር አለበት፤ ትራሱ ላይ አንዲት ፀጉር ከተገኘች ከደመወዝ ይቆረጣል። በቀን አሥራ ስድስት አልጋ ታነጥፋለች። በእነዚያ አልጋዎች ላይ ግን ለአፍታ እንኳ ቁጭ ብላ አታውቅም፤ ክልክል ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዙ ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበውን አፈር ተሸክሞ ቡናማ ሆኖ ሲሞላ፣ መጋረጃውን ስትገልጥ በመስኮቱ ትመለከተውና «ያ አፈር ሳይከለከል ይሄዳል፤ እኔ ግን ወረቀት እጠየቃለሁ» ትል እንደነበር አጫውታናለች።

እዚህ ላይ ከአርእስታችን ጥቂት ፈቀቅ ብንል አንባብያን ይታገሡን። ስመ ጥር ሆቴሎች ታሪካቸው የሚነገረው በእንግዶቻቸው ስም ነው። በዚያው በካርቱም አንድ የግሪክ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1952 የከፈተው አክሮፖል የተባለ ሆቴል ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ የርዳታ ሠራተኞችና ጋዜጠኞች ማረፊያ በመሆኑ ስሙ በዓለም ተሰማ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ቦምብ ተጣለበት፤ እንደገና ተነሥቶ ሲሠራ ከቆየ በኋላ በ2015ቱ ጦርነት ተዘጋ። በጦር አካዳሚ ሳለን የአንደኛውን የዓለም ጦርነት መነሻ ስንማርም የሆቴል ታሪክ አጋጥሞን ነበር። ኖርዌይ ውስጥ ፊዮርድ የሚባል አለ፤ የጥንት በረዶ ተራራውን ሰንጥቆ በቦረቦረው ገደል ውስጥ ባሕር ገብቶ የተኛበት ነው። ሶግነ የተባለው ፊዮርድ ርዝመቱ ከ200 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ1,300 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ባሕር ዳር፣ ባለስትራንድ በምትባል መንደር፣ ክቪክነስ የተባለ ከእንጨት የተሠራ ያማረ ሆቴል አለ። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም በየበጋው ማለት ይቻላል ወደ ኖርዌይ እየመጣ ይዝናና ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1914 አውሮፓ በጦርነት አፋፍ ላይ ቆማ ሳለች መርከቡን በባለስትራንድ አቁሞ ነበር። በ25ኛው ቀን ተነሥቶ ሄደ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ኦስትሪያ በሰርቢያ ላይ ጦርነት አወጀች። ያን ጊዜ ተቀምጦበታል የሚባለው ወንበር ዛሬም በሆቴሉ ውስጥ ለጎብኚ ይታያል። በዚያ ሳምንት በሆቴሉ አልጋ ያነጠፈችው ሴት ማን እንደነበረች ግን የሚያሳይ ወንበር የለም።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ሆቴሉ ተዘጋ፤ ድልድዩም የተኩስ ቀጣና ሆነ። የመጨረሻ ደመወዟን ሳትቀበል፣ ከአብሮ አደሮቿ ጋር በገዳሪፍ በኩል አድርጋ በገላባት መተማ ገባች። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በዚያው በር ይገባ ነበር። ሃምሳ አለቃው ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃት ስለነበር ፈቃድ ጠይቆ ጎንደር ድረስ ሄዶ ተቀበላት፤ ወዲያውም ተጋቡ። «ምን ላድርግልሽ?» ቢላት ወርቅም ልብስም አልጠየቀችም። «ሌላ ሰው ባነጠፈው አልጋ አንድ ሌሊት ልተኛ» አለችው።

ጎሐ ሆቴል ከጎንደር በስተሰሜን ከኮረብታ ላይ በድንጋይ የታነጸ ነው። ከሰገነቱ ላይ ሆነው ሲመለከቱ ከተማይቱ ከነአፄ ፋሲል ግቢ ከእግር ሥር ተዘርግታ ትታያለች፤ ዙሪያዋን ተራራ ከተራራ ጋር ተያይዞ ይጠፋል። የሰኔ ጉም ከሸለቆው እየተነሣ አንዴ ግንቡን ይሸፍነዋል፣ አንዴ ይገልጠዋል። ሃምሳ አለቃው ጉሙን አይቶ «ዝናብ ሊመጣ ነው» ከማለት በቀር ብዙ አላለም፤ እርስዋ ግን ከሰገነቱ ለእራት እንኳ አልነሣም ብላ ቀዝቃዛውን አየር ስትጠጣ አመሸች።

በማግሥቱ ጧት የሆነውን እርሱ እየሳቀ፣ እርስዋ አንገቷን ደፍታ ነገሩን። ክፍል የምታጸዳው ልጅ በሩን አንኳኩታ ስትገባ አልጋው ተነጥፏል፤ አንሶላው ተወጥሯል፤ ትራሱ ቆሟል። ልጅቱ ደንግጣ «እትዬ፣ ምነው? ይተዉት እንጂ፤ ይህ የእኔ ሥራ ነው» አለቻት። «የእኔም ነበር» አለቻት ይህችኛዋ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስለ አንሶላ አወጣጠር ሲነጋገሩ ሃምሳ አለቃው ቁርሱን ብቻውን በላ። በሁለተኛው ቀን ግን እንደተኛችበት ትታው ወጣች። ይህን ለማድረግ በሩ ላይ ሁለት ጊዜ መመለሷን ባሏ መስክሯል።

እንግዲህ የእናታችንን ጥያቄ እንመልከት። በባህላችን መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከገባበት ቤት ያድራል እንጂ ለማደሪያና ለምግብ አይከፍልም። እቴጌ ጣይቱ የመጀመሪያውን ሆቴል በአዲስ አበባ ባቋቋሙ ጊዜ መኳንንቱ ምግብ በገንዘብ መግዛት ነውር መስሏቸው እንደነበር ሲነገር ኖሯል። ስለዚህ እናታችን መደነቃቸው አያስገርምም። የጣሪያቸውም ጥያቄ እውነተኛ ነው። ሃምሳ አለቃውንም ስለዚህ ወቅሰነዋል፤ ቆርቆሮው ከመጪው ክረምት በፊት እንዲለወጥ በፊታችን ቃል ገብቷል፤ እኛም እንከታተለዋለን። የሁለቱን ሌሊት ወጪ ግን ቅምጥልነት ልንለው አልቻልንም።

ጥፋቱን ያገኘነው ከሌላ ቦታ ነው። ባልና ሚስቱ ለእናትየው የነገሯቸው «ካርቱም ቢሮ ውስጥ ትሠራ ነበር» ብለው ነው። አማትየው ምራታቸው ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው አልጋ ስታነጥፍ መኖሯን አያውቁም። ይህን ስንሰማ የሠራዊቱ አባል ባለቤት በላቧ ያገኘችውን እንጀራ ልትደብቅ አይገባትም ብለን ብዙ ለመናገር ተነሥተን ነበር፤ እርስዋ ቀደመችን። «ይጻፍ» አለች፤ «ስሜ ብቻ ይቅር። እማማ ጽሑፍ አይችሉም፤ ጋዜጣው ሲወጣ ይዤ ሄጄ እኔው አነብላቸዋለሁ።»

ይህ ዕትም ቅዳሜ ከማተሚያ ቤት ይወጣል። የሃምሳ አለቃው የሦስት ቀን ፈቃድም ከቅዳሜ ጀምሮ ተፈርሞለታል።