የሽልማቱ ገንዘብ ከማን ኪስ ወጣ?



ሰሞኑን ከመግሪብ ደርስ በኋላ አንድ ወጣት አሜሪካ የሚኖረው ወንድሙ የላከለትን ቪዲዮ አሳየን። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ቀጥ ባለ መንገድ ይፈተለካሉ። ድራግ ሬስ ይሉታል። ወንድሙ አንድ ቀን አሸንፎ 2,000 ዶላር አግኝቷል፤ አሁን ሥራውን ትቶ በዚሁ ሊቀጥል ያስባል። «ኡስታዝ፣ ያዋጣዋል? ሐላልስ ነው?» አለን። ጥያቄው የብዙዎቻችሁም ስለሆነ እዚህ እንመልሰው።

በመጀመሪያ ፍትሐዊ እንሁን። ውድድሩ 402 ሜትር ወይም ግማሹን 201 ሜትር የሚሮጥበት ነው። ዋሊ ፓርክስ የተባለ ሰው በ1951 እ.ኤ.አ. ናሽናል ሆት ሮድ አሶሲዬሽንን ሲመሠርት አንዱ ሐሳቡ በአውራ ጎዳና ላይ የሚሽቀዳደሙትን ወጣቶች ወደ ተዘጋጀ ሜዳ ማስገባት ነበር። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓችን ዓላማዎች አንዱ ነውና ይህን አንነቅፍም።

አማተሮች በብዛት የሚወዳደሩበት ዘዴ ደግሞ ማራኪ ነው። እያንዳንዱ ሾፌር መኪናው የሚፈጅበትን ሰዓት ገምቶ መስታወቱ ላይ ይጽፋል። ዘገምተኛው ቀድሞ ይለቀቃል። ከጻፈው ሰዓት ፈጥኖ የገባ ብዙውን ጊዜ ይሸነፋል። ስለዚህ አሮጌ መኪናም ውዱን ሊያሸንፍ ይችላል። ወጣቱ «እኔም እችላለሁ» የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 64 ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ዶላር ከፍለው ገቡ እንበል፤ 6,400 ዶላር ተሰበሰበ። አዘጋጁ ለሜዳው፣ ለኢንሹራንስና ለሠራተኛ የራሱን ይወስዳል። የቀረው ለመጨረሻዎቹ አራት ተከፋፈለ እንበል። 60ዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ ማለት ነው። አንደኛ ለመውጣት ስድስት ዙር ሳይሸነፉ ማለፍ ያስፈልጋል። በብዙ ቦታ በመጀመሪያው ዙር የወደቀ ሰው እንደገና ከፍሎ መግባት ይችላል። ሱብሓነላህ! ሽንፈቱ ራሱ ሌላ ክፍያ ሆነ።

ይህ ሁሉ ቤንዚን፣ ጎማ፣ የካምቢዮ ጥገና፣ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ ሳይታሰብ ነው። መኪናው በፈጠነ ቁጥር ደንቡ የሚያስገድደው የደህንነት ዕቃም ይጨምራል። የእሽቅድምድም ቀበቶ እንኳ ዕድሜው የተወሰነ ስለሆነ ሳይበጠስም ይቀየራል። ቪዲዮው የሚያሳየን የአሸናፊውን ቼክ ነው፤ የዓመቱን ደረሰኝ ግን ማንም አይቀርጽም።

ወደ ዲናችን ስንመለስ፣ መሽቀዳደም በራሱ ሐራም አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፈረሶችን አሽቀዳድመዋል፤ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋርም ሮጠዋል። ጥያቄው ያለው ገንዘቡ ላይ ነው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ የውድድር ሽልማት በግመል፣ በፈረስና በቀስት ተወስኗል። መኪና በእነርሱ ላይ ይቀየስ እንደሆነ የዘመናችን ዑለማዎች ተለያይተዋል። ነገር ግን ተወዳዳሪዎች ሁሉ አዋጥተው አንዱ የሌላውን የሚወስድበት ከሆነ፣ አብዛኞቹ ዑለማዎች ቁማር ይሉታል። ቁማር ደግሞ በሱረቱል ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ የተከለከለ ነው። ሽልማቱ ከተወዳዳሪዎቹ ኪስ ሳይሆን ከሌላ ወገን ከመጣ ጉዳዩ ይለያል፤ ያኔም ቢሆን ዝርዝሩን ይዞ ዓሊም መጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ ለወንድሙ ይህን መልእክት ላክን፦ «ከመግባትህ በፊት የሽልማቱ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አዘጋጁን ጠይቅ። ካሸነፍክበት ቀን ጋር የተሸነፍክባቸውንም ቀናት ጻፍ። መኪና መፍታትና መግጠም የምትወድ ከሆነ ጋራዥ ውስጥ ሐላል እንጀራ አለህ። ሥራህን ግን አትልቀቅ፤ እናትህ የምትጠብቀው ከደመወዝህ የምትልከውን ነው።»

ሌሎቻችሁም ትልቅ ቼክ የያዘ ሰው በስልካችሁ ስታዩ፣ ከጀርባው ከፍለው ባዶ እጃቸውን የተመለሱትን ቁጠሩ። ከእነርሱ አንዱ የእናንተ ወንድም ሊሆን ይችላል።

አላህ በሐላሉ የሚያብቃቃን ያድርገን። ወላሁ አዕለም።