ሶፋው እስኪታደስ አንጠብቅ



ቢሾፍቱ፣ ከሆራ ሐይቅ ብዙም በማይርቀው ቤታችን ያለው ሶፋ ካረጀ ቆይቷል። መሐሉ ሰርጉዷል፤ አንዱ ጥግ ተቀዶ ስፖንጁ ይታያል። እኛም እንደ ብዙ ቤት ቀዳዳውን በዳንቴል፣ የሰረጎደውን በትራስ ሸፍነን እንኖር ነበር። የረቡዕ የቤት ኅብረት ተራ ሲደርሰን ግን አፈርን። "ቤት እያደስን ነው" ብለን ሁለት ጊዜ ለሌላ ቤተሰብ አሳለፍነው። እውነቱን ለመናገር ምንም እያደስን አልነበረም።

በኋላ አንድ ሶፋ ሠሪ ጠርተን ጨርቁን እንዲቀይርልን ጠየቅነው። ገልብጦ ሥሩን ሲያየው ስፖንጁን የሚሸከመው ላስቲክ ተበጥሷል፤ አንዱ ጣውላም ተሰንጥቋል። "ጨርቅ ብቻ ባለብሰው ለዓይን ያምራል፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይሰረጉዳል" አለን። ገንዘባችንን ተቀብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። በማቴዎስ 23 ጌታችን የጽዋውን ውስጥ ትተው ውጩን ብቻ ስለሚያጠሩ ሰዎች የተናገረው ትዝ አለን። ስለዋሸነውም ነገር ልባችን ወቀሰን።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ሌላ ነው። በዚያ ሰሞን ባሏን በሞት ያጣች ጎረቤታችን፣ ጸሎቱ እኛ ቤት ሲሆን ልትመጣ ተዘጋጅታ እንደነበር ሰማን። ጸሎቱ ወደተዛወረበት ቤት በባጃጅ ለመሄድ አቅሙ ስላልነበራት ቀረች። በለቅሶዋ ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ አብረናት ተቀምጠናል፤ ያኔ ስለ መቀመጫው ያሰበ ማንም አልነበረም።

በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ወንጌላውያን አማኞች በየቤቱ በስውር ይጸልዩ ነበር። ቤታቸውን የከፈቱላቸው ሰዎች እስራት ሊመጣባቸው እንደሚችል እያወቁ ነው የከፈቱት። እኛ የፈራነው ግን የሰው ዓይን ነው።

ስለዚህ ቤትን ማሳመር መልካም ነው፤ ያረጀ ሶፋ ማልበስም ኃጢአት አይደለም። አቅም ሲገኝ ከውስጡ ጀምሮ ይጠገን። እስከዚያ ግን በራችን አይዘጋ እንላለን።

እኛም ለጥገናው ገንዘብ እያጠራቀምን ነው። ባለፈው ረቡዕ ለወንድሞች እውነቱን ነግረን ይቅርታ ጠየቅን፤ ምንጣፍ አንጥፈንም ኅብረቱን ተቀበልን። ጎረቤታችን መጣች። ሶፋው ላይ ስትቀመጥ ሰመጠችና ሳቀች፤ እኛም ሳቅን። ከዚያ ጸለይንላት።

እናንተስ ቤታችሁ እስኪያምር ብላችሁ ያልጠራችሁት ማን አለ? ጌታ ይርዳን።