አቀንጭራን የሚጠራው ሥር

እዚህ አሜሪካ በአርሊንግተን ከቅዳሴ መልስ ለቡና በተሰበሰብን ቍጥር ስለ አገር ቤት ዝናምና ስለ እህል ዋጋ ብዙ እናወጋለን፤ የወሎንና የራያን ማሽላ አብቃይ ከድርቅ ባልተናነሰ የሚያስጨንቀው የአቀንጭራ ነገር ግን በመካከላችን ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

አቀንጭራ ሐምራዊ አበባዋ ለዓይን ያማረ፣ ግብሯ ግን የከፋ ጥገኛ አረም ናት። ከመሬት ብቅ ከማለቷ አስቀድሞ በማሽላው ሥር ተጣብቃ ውኃውንና ምግቡን ስትመጥ ትቈያለችና፣ ገበሬው አይቶ ሲነቅላት ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። አንዲቱ ተክል በአሥር ሺህ የሚቈጠር፣ ከትቢያ የደቀቀ ዘር ትረጫለች፤ ዘሩም ለብዙ ዓመታት በአፈር ውስጥ ተኝቶ ሲቈይ፣ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ስትሪጎላክቶን የተባለው፣ ከማሽላው ከራሱ ሥር የሚመነጨው ኬሚካል ነው። ጃፓናውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2005 እንደ ገለጡት፣ ሥሩ በዚህ ኬሚካል የሚጠራው ፎስፈረስ ከአፈር እየለቀመ የሚያቀብለውን ረቂቅ ፈንገስ ነበር፤ ወዳጁን ሲጠራ ግን ጠላቱም አብራ ትነቃለች። አፈሩ በተራቈተ መጠን ሥሩ ጥሪውን ያበዛልና፣ አቀንጭራ እጅግ የምትበረታው ማዳበሪያ መግዛት ባልቻለው ድኻ ማሳ ላይ ነው። ይህን ባሰብሁ ጊዜ ልቤ ያዝናል።

በወሎንኮሚ በሣር ጎጆ ተወልደው፣ በጅማና በዓለማያ እርሻ የተማሩት ዶክተር ገቢሳ ኤጄታ፣ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባዮኬሚስቱ ከላሪ በትለር ጋራ ሆነው ምስጢሩን መርምረው፣ አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል እምብዛም የማያመነጭ ማሽላ አዳቀሉ። ጎቢዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች የዚህ ድካም ፍሬ ናቸው። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀብለዋል።

በክብራቸው ደስ መሰኘታችን የተገባ ነው። ነገር ግን ሊቁ ራሳቸው ዘሩን ለብቻው አላቀረቡትም፤ ከማዳበሪያና የአፈርን እርጥበት ከመጠበቂያ ዘዴ ጋራ አንድ አድርገው ነው ለገበሬው ያበረከቱት። እኛ ግን ገንዘብ የምንልከው ለዘመን መለወጫና ለፋሲካ፣ ለዕርድና ለልብስ ነው። ወገኖቼ ሆይ፣ በማሽላ አገር ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውሉ በማሳቸው ላይ አቀንጭራ እንዳለች ጠይቁ፤ ካለችም የዘሩንና የማዳበሪያውን ዋጋ ከመዝሪያው ወራት አስቀድማችሁ ላኩ።